መልስ፦ የእናትህ የአንገት አጥንት ቀዶ ሕክምና

ወንድሜ፣ እናትህን ለዓመታት አንገታቸውን እንደሚያማቸውና አጥንቱ ስለላላ በብሎን ይታሰር እንደተባሉ ጽፈሃል። ሕመም ብቻ ከሆነ አትቸኩሉ። ቀዶ ሕክምናው በይበልጥ የሚያዋጣው አጥንቱ መንሸራተቱ ወይም በሕብለ ሰረሰሩ (በአከርካሪው ውስጥ በሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ላይ ጫና ማረፉ በምስል ሲረጋገጥ ነው፤ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) እና ጎንበስ ቀና ተብሎ የሚነሳ ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቅ። ጀበና ሲያነሱ እጃቸው ከከዳቸው፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ግን ዛሬውኑ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውሰዳቸው።

ብሎኑ ደግፎ የሚይዘው አጥንቱ ራሱ እስኪጋጠም ነው፤ ይህም ወራት ይፈጃል። እስከዚያ የቡና ጆንያ ማንሳትም፣ በኮረኮንች ላይ በባጃጅ መንገጫገጭም ይቅርባቸው። የላይኛዎቹ ሁለት አጥንቶች ከተያያዙ ጭንቅላት የማዞር አቅም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የትኞቹ እንደሚታሰሩ ሳታውቁ እባካችሁ አትፈርሙ።