በጨርቅ የተለበጠ የመጋረጃ ሳጥን ራስሽ ለመሥራት ካሰብሽ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመጋረጃውን ዘንግ ከላይ የሚሸፍነውን በጨርቅ የተለበጠ የእንጨት ሳጥን ያለ አናጢ መሥራት ይቻላል ወይ? ሁለተኛ፣ ጨርቁ ሳይሸበሸብ እንዴት ይወጠራል? ስሱና ወፍራም መጋረጃ በሁለት ዘንግ እንደሰቀልሽም ጽፈሻል። አዎ፣ ይቻላል። ለራሴም ለዘመድ አዝማድም ስሠራ ኖሬአለሁ፤ እንዳየሁት ሥራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አወጣጠሩ ሳይሆን ልኩ ነው። ጨርቅ ተነቅሎ እንደገና ይወጠራል፣ አጥሮ የተቆረጠ ጣውላ ግን አይረዝምም። ስለዚህ ከልኩ ልጀምር።

ብዙ ሰው የመስኮቱን ስፋት ይለካል። የሚለካው ግን ዘንጉ ነው፣ የጫፎቹን ጌጥ ጨምሮ። ዘንግሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ 180 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በየጎኑ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ጨምሪና የሳጥኑ የውስጥ ስፋት 185 ይሁን። የፊተኛው ጣውላ የጎኖቹን ጠርዝ ስለሚሸፍን የሁለቱም ጎን ውፍረት ይጨመርበታል፤ በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ከሠራሽ 187.4 ተደርጎ ይቆረጣል። ከግድግዳው የሚርቅበት ደግሞ ከሁሉም በላይ ልብ የሚባል ልክ ነው። የፊተኛው ዘንግሽ ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የወፍራሙ መጋረጃ እጥፋት ከዘንጉ ወደ ፊት ስለሚወጣ ሳጥኑ ከውስጥ 20 ያስፈልገዋል። ከዚያ ካነሰ መጋረጃው በተሳበ ቁጥር ጣውላውን እየታከከ ይሄዳል።

ቁመቱ በዓይን የሚወሰን ነው። ከመጋረጃው ጠቅላላ ርዝመት ከአምስት ወይም ከስድስት አንድ እጅ ሲሆን ያምራል፤ ለ2.5 ሜትር መጋረጃ 40 ገደማ መሆኑ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ላይ ግን ከዚያ ቀንሺ። ካርቶን በልኩ ቆርጠሽ ቦታው ላይ አስይዢና ራቅ ብለሽ እዪው። መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ካርቶኑ እንደተያዘ ክፈቺው፤ ከነካ ሳጥኑ ከፍ ማለት ወይም ማጠር አለበት።

ለፊትና ለጎን 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይበቃል። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) ለስላሳ ቢሆንም ይከብዳል፣ ጠርዙም ብሎን ሲገባበት ይሰነጠቃል። የላይኛውን ጣውላ ግን በ18 ሚሊ ሜትር አድርጊው፤ ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ካሉት ብረቶች ጋር የሚታሰረው ከሥሩ በሚገባ ብሎን ስለሆነ ብሎኑ የሚይዘው ውፍረት ይፈልጋል። መጋጠሚያውን ኮላ ቀቢ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ አስቀድመሽ ቀዳዳ አውጪና በብሎን እሰሪ። ኮላው ሳይደርቅ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በስኳድራ፣ ማለትም በማዕዘን መለኪያ፣ አረጋግጪ። ሹል ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለዘብ አትርሺ፣ ጨርቅ የሚበላው እሱ ነው።

ከዚያ 12 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ በፊቱና በጎኖቹ ላይ እዚህም እዚያም ኮላ አስነክተሽ ለጥፊ። በፊትና በጎን መገናኛ ላይ ስፖንጁ ሳይቆረጥ ቢዞር ማዕዘኑ ለስላሳ ይሆናል። በላዩ ስስ የፖሊስተር ጥጥ ካለበስሽው ጨርቁ ስፖንጁ ላይ ሳይዝ ይንሸራተታል፤ ለመወጠር በጣም ያግዛል። ጨርቁ ነጣ ያለና ስስ ከሆነ ከሥሩ ነጭ ገበር ይኑር፣ አለዚያ የስፖንጁ ቀለም ያሳብቃል።

በዚህ ልክ 2.5 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ቁራጭ ያስፈልግሻል፤ ፊቱን፣ ሁለቱን ጎንና ወደ ውስጥ የሚታጠፈውን ጨምሮ። ልሙጥ ጨርቅ በቁመቱ ስለሚቆረጥ መጋጠሚያ አይኖረውም። አበባው ወደ ላይ የቆመ ጨርቅ ግን እንዲህ ቢቆረጥ አበባው ይጋደማል። ስለዚህ ሙሉውን ስፋት መሐል አድርጊና የጎደለውን በግራና በቀኝ እኩል ቀጥይ፤ መሐል ላይ ስፌት አታሳርፊ። ከመወጠርሽ በፊት በደንብ ተኩሺው፤ የመታጠፊያ መስመር በመወጠር ብቻ ይጠፋል ብለሽ አትመኚ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የጣውላውንም የጨርቁንም መሐል ምልክት አድርጊና አጋጥሚ። ላይ መሐሉን በስቴፕለር አንድ ምቺ፣ ከዚያ በትይዩ ታች መሐሉን። ከዚያም አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ ላይና ታች እያፈራረቅሽ ወደ ዳር ሂጂ። ከአንድ ዳር ጀምሮ ወደ ሌላው መሄድ ነው ጨርቁን ሰያፍ የሚያደርገው። ስትስቢ በጣትሽ ጫፍ ቆንጥጠሽ ሳይሆን በመዳፍሽ ጠርገሽ ሳቢ፤ ቆንጥጦ መሳብ ጠርዙ ላይ እንደ ዛጎል ጥርስ የተሰረጎደ መስመር ይተዋል። የስቴፕሉ እግር 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ 14 ከሆነ ጣውላውን በስቶ በፊት ይወጣል። ጥቂት በመታሽ ቁጥር ሳጥኑን አዙረሽ ፊቱን እዪ፤ የተጣመመ መስመር ገና አሥር ስቴፕል ላይ ሳለ ማስተካከል ቀላል ነው። ማዕዘኖቹን መጨረሻ ላይ ተያያዣቸው። ትርፉን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈሽ ካሰርሽ በኋላ ብቻ ቁረጪው። የውስጡን ጥሬ ጠርዝ በገበር ሸፍኚ።

ይወድቅ ይሆን ብለሽ እንዳትሰጊ። በዚህ ልክ የተሠራ ሳጥን አሥር ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ግድግዳው ላይ የሚታሰር ሦስት የማዕዘን ብረት (የኤል ቅርጽ ያለው መያዣ) በደንብ ይሸከመዋል። ብረቱ ወደ ፊት ከሳጥኑ ጥልቀት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ይድረስ። ግድግዳው ላይ በውሃ ልክ መስመር አስምሪ፣ ለብሎኬት ወይም ለጡብ ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ) አስገቢና ብረቶቹን እሰሪ። ከዘንጉ በላይ ሰባት ስምንት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዪ፣ መጋረጃውን ለእጥበት ስታወርጂ እጅሽ መግባት አለበት። ሳጥኑን ለሁለት ሆናችሁ አንሡና ብረቶቹ ላይ አስቀምጡት፤ ከዚያ ከሥር 16 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ብሎን ማሰር ብቻ ነው የሚቀረው።