የመድኃኒት ዋጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም አለባቸው። የምንኖረው ሐይቅ ከተማ ሲሆን ክትትላቸው ደሴ ነው። ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት «አልቋል» ስንባል ከውጭ እንገዛለን። ባለፈው ወር የስኳር መድኃኒታቸውን ሜትፎርሚን ለመግዛት ወጥቼ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ፋርማሲዎች የነገሩኝ ዋጋ በእጥፍ ያህል ተለያየብኝ። ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? የጤና መድን አባል ሆነን ሳለስ ለምን ከኪሳችን እንከፍላለን?

መልስ፦ ለእናትዎ አፊያውን ይስጥልን። እንደ ነዳጅ በየጊዜው ተተምኖ የሚታወጅ ዋጋ መድኃኒት የለውም። የግል ፋርማሲ በገዛበት ዋጋ ላይ የቤት ኪራዩን፣ የባለሙያ ደመወዙን፣ ግብሩንና ትርፉን ደምሮ ዋጋውን ራሱ ያወጣል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዋና ሥራ የመድኃኒቱን ደኅንነት፣ ጥራትና ፈዋሽነት መቆጣጠር በመሆኑ አንድ መድኃኒት ተመዝግቧል ማለት ዋጋው ተመርምሮ ጸድቋል ማለት አይደለም።

ወደ ፋርማሲው መስኮት ከመድረሱ በፊት መድኃኒቱ ብዙ እጅ ያልፋል። ለማስረዳት ያህል፣ አስመጪው በ100 ብር ያስገባው ፓኬት ላይ 20 በመቶ ቢጨምር 120 ብር ይሆናል፤ አከፋፋዩ በዚያ ላይ 15 በመቶ ሲያክል 138፣ ፋርማሲው ደግሞ 25 በመቶ ሲጨምር 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ቢሆኑም ስሌቱ የሚሄደው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ የሚያተርፈው ከእሱ በፊት የነበረው ባተረፈውም ላይ ጭምር ነው። በዚህም ምክንያት መነሻው ላይ የታየው ጭማሪ ታማሚው ዘንድ ሲደርስ አብጦ ይገኛል።

መነሻውን ከፍ ያደረገው ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አገር ውስጥ የሚመረተውም መድኃኒት ቢሆን ፈዋሽ ንጥረ ነገሩ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ ከዚህ አላመለጠም። ቀድሞ በርካሽ የገባ መድኃኒት የተወደደበትን ምክንያት ባለ ፋርማሲዎችን ሲጠይቁ «ይህን ሸጬ በስንት እተካዋለሁ?» ይላሉ። የነጋዴውን ስጋት እረዳለሁ፤ ሆኖም ዛሬ ክኒኑን መዋጥ ያለበት ታማሚ ገና ያልመጣውን ዕቃ ዋጋ አስቀድሞ እንዲከፍል መደረጉ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ወደ ሁለቱ ፋርማሲዎች ልመለስ። ልዩነቱን ከመፍረድዎ በፊት የተነጻጸረው አንድ ዓይነት ዕቃ መሆኑን ያረጋግጡ። ሜትፎርሚን በ500፣ በ850 እና በ1000 ሚሊግራም ይመረታል፤ ከዚህም ሌላ በሆድ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟ ዓይነት አለው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ግሉኮፋጅ የሚባለው የንግድ ስም ሲሆን በውስጡ ያለው ያው ሜትፎርሚን ነው፤ ከሌላ ፋብሪካ በጄነሪክ ስሙ፣ ማለትም በራሱ በመድኃኒቱ ስም ሲመጣ ግን ዋጋው ዝቅ ይላል። የአንዱ ስትሪፕ 10 ፍሬ፣ የሌላው 14 ወይም 15 ፍሬ ሊይዝ ስለሚችል «ስትሪፑ ስንት ነው?» ከማለት የአንዱን ፍሬ ዋጋ መጠየቅ ይሻላል። ማዘዣውን ሰጥተው «በዚሁ ስምና መጠን የተመዘገበ፣ ዋጋው የሚቀንስ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ለዚህ በቅንነት መልስ መስጠትም የፋርማሲስቱ ግዴታ ነው። ቀስ እያለ የሚሟሟውን በተለመደው ዓይነት፣ 500ውን በ1000 መለወጥ ግን ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይደረግም። ይህን ሁሉ አጣርተው አምራቹም መጠኑም አንድ ሆኖ ዋጋው አሁንም እጥፍ ከሆነ፣ ልዩነቱ የሻጩ ትርፍ ወይም የገዛበት ጊዜ ነው።

የመንግሥት ጤና ተቋማት በዋናነት የሚገዙት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፤ አገልግሎቱ ደሴም ቅርንጫፍ አለው። በጅምላ ስለሚገዛና መካከል ላይ የሚገባው እጅ ጥቂት ስለሆነ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። የቲቢ፣ የኤችአይቪና የወባ መድኃኒቶች ደግሞ በመንግሥት ተቋማት በነፃ ይሰጣሉ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለአካባቢያችሁ እንግዳ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእናንተው ተሁለደሬ ነበር። መድኑ ወጪ የሚሸፍነው ውል ከገባባቸው ተቋማት ነው፤ «አልቋል» ስትባሉ ከኪሳችሁ የምትከፍሉትም የምትገዙበት ፋርማሲ ውል ስለሌለው ነው። አባሉ መዋጮውን አስቀድሞ ከፍሎ ሳለ የመደርደሪያው ባዶነት ዳግም በእሱ ላይ መውደቁን ልንለምደው አይገባም። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲጠፋ በማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም እንዲደረግበት ይጠይቁ፤ ከውጭ ሲገዙም የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ብዛት የተጻፈበት ሕጋዊ ደረሰኝ ይያዙ። ሁለቱን ይዘው የወረዳውን ጤና መድን ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ፤ ወጪው የሚተካበት አሠራር ወይም ውል የገባ ሌላ መድኃኒት ቤት ካለ የሚነግርዎ እሱ ነው።

እስከዚያው ዋጋው ከብዷችሁ የእናትዎን ክኒን አንድ ቀን እያስዋጡ አንድ ቀን እንዳያስቀሩ አደራ እላለሁ። የገንዘቡን ችግር ለሐኪማቸው ይንገሩት፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ አቅማችሁ የሚችለውን መርጦ ሊያዝላቸው ይችላል።