እሽጉ የተቆረጠ ቆጣሪ ያለበት ቤት ተከራየሁ፤ ምን ላድርግ?

ከደሴ፣ ከሸዋ በር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ገብቶኛል። እንጀራ ጋግረሽ ለመሸጥ ቤት ተከራየሽ። ምጣዱ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል፤ የመብራት ሂሳቡ ግን አምፖል ብቻ የሚበራበት ቤት ይመስላል። ብታዪው የቆጣሪው እሽግ ተቆርጧል፤ ከኋላው አንድ ሽቦ ወደ ግድግዳው ይገባል። የሰፈር ቴክኒሻን ደግሞ «ትንሽ ብር ስጪኝና እንዳይታይ አድርጌ ልደብቀው» አለሽ። «እታሰራለሁ ወይ? ሽቦውን ላስነቅለው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አብሽሪ። ሳታውቂ የተጠቀምሽው ሌላ፣ አውቀሽ የምትጠቀሚው ሌላ ነው። ስርቆት የሚባለው ያለ አግባብ ለመጠቀም አስቦ የሰው ንብረት ሲወሰድ ነው። አንቺ ግን ከእንግዲህ አውቀሻል። ዝም ካልሽ «አላወቅኩም» ማለት ይከብድሻል።

ሕጉ ቀልድ የለውም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1129 ኤሌክትሪክን እንደ ማንኛውም ተንቀሳቃሽ ዕቃ ያየዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ደግሞ ስርቆትን በቀላል እስራት፣ ነገሩ ሲከብድ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። መስመር መቆረጡና ያልተከፈለው ሂሳብ መጠየቁም አለ። አውቆ የደበቀልሽ ቴክኒሻንም አብሮ ይጠየቃል። በሙያ ስም የሰው ሐቅ የሚያስበላን ሰው እኔ ባለሙያ አልለውም።

እኔን ከእስሩ በላይ የሚያስፈራኝ እሳቱ ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ማለት ነው። ከቆጣሪው በፊት የተጠለፈ ሽቦ ብዙ ጊዜ ብሬከሩንም ያልፈዋል። ሲግል የሚያቋርጠው የለም። ብሬከሩን አጥፍቶ የሚሠራ ሰውም ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። የደሴ ክረምት ደግሞ የጭቃ ግድግዳ ያረጥባል፤ ቤቶቹም ተጠጋግተው ነው የተሠሩት።

እጅሽን ሳታስጠጊ በዓይንሽ ብቻ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ዲጂታል ቆጣሪ ከሆነ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ፊቱ ላይ ተጽፏል። 1000 ካለ፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍተሽ ምጣዱን ብቻ ብትሰኪ ትንሿ መብራት በየሰከንዱ አንዴ ያህል ብልጭ ማለት አለባት። ዝም ካለች ወይም በጣም ከዘገየች ምጣዱ ከቆጣሪው ውጪ እየሳበ ነው። አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ወዲያው ንቀይው።

ሽቦውን ግን አንቺም አትንኪ፣ ያ ቴክኒሻንም እንዳይነካው። ዋናው መስመር ላይ ስለሆነ ሊገድል ይችላል። ነቅለሽ ብትጥይውም ማስረጃ ያጠፋሽ ትመስያለሽ። ቆጣሪውን፣ እሽጉንና ሽቦውን ራቅ ብለሽ ፎቶ አንሺ። የኪራይ ውልሽን ያዢ፤ የገባሽበት ቀን አንቺን የሚያድንሽ እሱ ነው። ከዚያ በአቅራቢያሽ ወዳለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጊ። ለአከራይሽም ምስክር ባለበት ንገሪው። «ተይው፣ ሁሌም እንዲህ ነበር» ቢልሽ አትስሚው። ቆጣሪው በስሙ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

መጥተው እስኪያስተካክሉት ድረስ ምጣዱን በዚያ መስመር አትሰኪ። ደንበኞችሽ እንዳይቀሩብሽ ጎረቤት ቤት ከፍለሽ ጋግሪ።