የአያትን ድምፅ በመሥሪያ ቤት አካውንት አታስቀምጡ

ውጭ አገር ሁለት ቦታ እየሠራችሁ ሦስት ኢሜይል በአንድ ብሮውዘር ከፍታችሁ የምትውሉ ወገኖቼ፣ ስሙኝ። ሐዋሳ ያሉት አያት ስልካቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው የቪዲዮ ጥሪውን ይጠብቃሉ፤ እናንተ ደግሞ "መግባት አይችሉም" ከሚል ጽሑፍ ጋር ትታገላላችሁ። ልጃችሁ ሰልችቶት ወደ ጨዋታው ይመለሳል። አማርኛው የሚጠፋው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

1. ሊንኩ ለምን እምቢ ይላል

ብሮውዘሩ የቪዲዮ መገናኛውን ጎግል ሚትን የሚከፍተው መጀመሪያ በገባችሁበት አካውንት ነው። እሱ የሥራ ከሆነ፣ ግብዣው ደግሞ ለግል ጂሜይላችሁ ከመጣ፣ ወይ በር ላይ ያስጠብቃችኋል ወይ ይመልሳችኋል። ከመግባታችሁ በፊት በሚመጣው ገጽ ላይ ኢሜይላችሁ ተጽፏል፤ አንብቡና ካልሆነ እዚያው ቀይሩት። ዘላቂው መፍትሔ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን የክሮም ፕሮፋይል (ለብቻው የሚከፈት የብሮውዘር ክፍል) መክፈት ነው፦ ቀኝ ጫፍ ያለችውን ክብ ነክታችሁ አዲስ ጨምሩ፣ አንድ አካውንት ብቻ አስገቡበት፣ እንዳይምታታ የተለየ ቀለም ስጡት።

ሌላው መገናኛ ዙም "ለተፈቀደላቸው ብቻ" ካለ፣ ከነበራችሁበት ውጡና በተጋበዘው ኢሜይል ግቡ። የማይክሮሶፍቱ ቲምስ ካስቸገረ ሊንኩን በኢንኮግኒቶ (የገባችሁበትን አካውንት በማይጠቀም የብሮውዘር መስኮት) ክፈቱ፤ አዘጋጁ ከፈቀደ ስም ብቻ ጽፎ መግባት ይቻላል። ካሜራው ከጠቆረ ሌላኛው ስብሰባ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ያንን ስብሰባ ሙሉ በሙሉ ዝጉት።

2. ሰዓት

የዋሽንግተን ጠዋት 10 ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሐዋሳ በአገር ቤት አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ከኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ ግን ከምሽቱ 12 ይሆናል። ለእናታችሁ በእሳቸው አቆጣጠር ንገሯቸው።

3. አካውንቱ የማን ነው?

የሥራ ውላችሁን አንብቡ።

የቤተሰብ ስብሰባ በሥራ አካውንት አትክፈቱ! የመሥሪያ ቤቱ አስተዳዳሪ የውጭ ሰው እንዳይገባ ከዘጋ፣ ሐዋሳ ያሉት እናት ምንም ቢነኩ አይገቡም፤ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስላቸውና ሁለተኛ መሞከር ያፍራሉ። "መቅጃ አለው" ብላችሁ ተረታቸውን፣ የአሞራ ገደሉን የዓሣ ገበያ ወሬ፣ ለልጁ የሚያስተምሩትን ፊደል እዚያ የምታጠራቅሙት ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። ሥራ ስትለቁ አካውንቱ በዚያው ቀን ሊዘጋ ይችላል፤ ቅጂውም አብሮ ይሄዳል። ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል፤ የእናት ድምፅ ከየት ይመጣል? ልጃችሁ አድጎ "አያቴ እንዴት ነበር የምትናገረው?" ሲል ምን ታሰሙታላችሁ?

ስብሰባውን በግል ጂሜይል ክፈቱ። ነፃው ሚት በሁለት መሣሪያ መካከል እስከ 24 ሰዓት ይሄዳል፤ አክስት ከአዳማ በሦስተኛ ስልክ ከገቡ ግን 60 ደቂቃ ነው። ለመቅዳት ነፃው ዙም ይሻላል፦ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን እዚያው ያስቀምጣል፣ ገደቡ 40 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ "እማዬ፣ ልቅዳ?" ብላችሁ አስፈቅዱ። ፋይሉን በቀኑ ሰይሙት፤ አንድ ግልባጭ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱን አዳማ ላለው ዘመድ። ሥራ አካውንት ውስጥ የቀረውን የእናታችሁን ቅጂ ዛሬ ማታ አውርዱ።