ካባውን የሸጠው ፈረሰኛ

ልጆች፣ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ጊዜ ስለተረፈኝ ታሪክ አነባለሁ፣ ያውም የማያገባኝን። ሰሞኑን የያዘኝ ዊሊያም ማርሻል የሚባል የ12ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ነው፤ ናይት የሚሏቸው ዓይነት ፈረሰኛ። ሥራ ጀማሪዎች ስለ ደመወዝ ስትጠይቁኝ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ፣ ምን ላድርግ።

ሰውዬው ሕይወትን የጀመረው መያዣ ሆኖ ነው። በ1152 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የእንግሊዙ ንጉሥ እስጢፋኖስ ኒውበሪ ላይ የአባቱን ምሽግ ከበበ። አባትየው ጆን ለማስረከብ ጊዜ ይሰጠኝ ብሎ አምስት ዓመት ገደማ የሆነውን ዊሊያምን በመያዣነት ሰጠና፣ ባገኘው ጊዜ ስንቅና ወታደር አስገባበት። ልጅህ ሊሰቀል ነው ሲሉት «ከሱ የተሻሉ የምቀጠቅጥበት መዶሻም መስፍም አለኝ» አለ ይባላል። ብዙ መያዣ አይቻለሁ፣ ባለቤቱ እንዲህ የጣለው ግን አልገጠመኝም። ደግነቱ የንጉሡ አንጀት አልቻለም። ድንኳኑ ውስጥ ከልጁ ጋር በሣር አገዳ ጦርነት ሲጫወት ተገኘ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ዊሊያም ከሞተ በኋላ የበኩር ልጁ ካስጻፈው ከ19,000 ስንኝ በላይ ካለው ግጥም ነው። የራስ ወገን ያዘጋጀው ሒሳብ ስለሆነ ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ ያዙት።

ታናሽ ልጅ ነውና መሬት አይደርሰውም። ፈረንሳይ አገር ኖርማንዲ ሄዶ በእናቱ ዘመድ በታንካርቪል ጌታ ቤት አደገ፣ ሃያ ዓመት ሲሆነው ፈረሰኛ ተባለ። የመጀመሪያ ውጊያው ድሪንኩር ላይ ነው። ሰው ሁሉ ጉድ እስኪል ተዋጋ፣ ፈረሱም ሞተበት። ማታ ግብር ላይ የማንደቪሉ ዊሊያም የሚባል ትልቅ ጌታ ጠራውና «ማርሻል፣ እስቲ አንድ ስጦታ ስጠኝ፣ አሮጌ የፈረስ አንገት ማሰሪያም ቢሆን» አለው። ልጁ የዋህ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ በዕድሜዬ ኖሮኝ አያውቅም» አለ። «ምን ትላለህ! ዛሬ ብቻ አርባ ስልሳ ነበረህ እኮ!» አዳራሹ በሳቅ አለቀ። የጣላቸው ሰዎች ፈረስና ዕቃ በዘመኑ ደንብ የሱ ነበር። እሱ ግን ሲዋጋ ዋለ እንጂ አንዱንም አልያዘ። ብዙም ሳይቆይ ካባውን በ22 ሺሊንግ ሸጦ የጭነት ፈረስ ገዛ።

እኔም ያቺን ሳቅ አውቃታለሁ። የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታም ቅዳሜም ሠርቼ የትርፍ ሰዓት ቅጽ የሚባል ነገር አልሞላሁም፤ አለቃዬ ራሱ አይቶ ይከፍለኛል ብዬ። በመጨረሻ ደፍሬ ስጠይቅ «ታዲያ ማን ከለከለህ?» አሉኝና ቢሮው ሳቀ። ስለዚህ ልጆች፣ አትፈሩ፣ ጠይቁ። የሠራችሁትን ጻፉት።

ማርሻል ገባው። በፈረሰኞች ግጥሚያ (የጦርነት ጨዋታ በሉት) ላይ ከሮጀር ደ ጎጊ ከሚባል ፈረሰኛ ጋር ሽርክና ገባና በአሥር ወር ገደማ 103 ፈረሰኛ ማረኩ፤ እያንዳንዱ ምርኮ ደግሞ የማስለቀቂያ ገንዘብ ነው። ቁጥሩ እንዴት ተያዘ አትሉም? ዊጌን የሚባል የወጥ ቤት ጸሐፊ መዝግቦት ነዋ! ሙያዬን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

በ1189፣ አርባ ካለፈው በኋላ፣ ኢዛቤል ደ ክሌርን አገባ። እሷ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፈቃዷንም የጠየቃት ያለ አይመስለኝም። አባቷ ትልቅ ጌታ፣ እናቷ አይፋ ደግሞ የአየርላንዷ የሌንስተር ንጉሥ ልጅ ነበረች። አምስት ወንድ አምስት ሴት ወለዱ። ደስ የሚለኝ፣ ከዓመታት በኋላ አየርላንድን ለቆ ሲሄድ ያረገዘች ሚስቱን በሰዎቹ ፊት አቁሞ «እመቤታችሁ እሷ ናት፣ እዚህ ያለኝ ሁሉ በሷ በኩል ያገኘሁት ነው» ማለቱ ነው። ስንቱ ባል ነው በሚስቱ ገንዘብ በተሠራ ቤት የራሱን ስም ብቻ የሚያስጽፍ! እሷም ኪልኬኒ ውስጥ ተከባ አልተበገረችም።

የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ደግሞ በተራው ሁለት ወንዶች ልጆቹን መያዣ ወሰደበት። ማርሻል አባቱ የሠራውን አልደገመም። ታገሰ፣ ልጆቹም በሕይወት ተመለሱ። የንብረቱ ነገርማ አይወራ፤ አምስቱም ወንዶች ሕጋዊ ወራሽ ሳይተኩ እስከ 1245 አለቁ፣ ርስቱ በሴቶቹ ልጆች በኩል ተበጣጠሰ።

ንጉሥ ጆን ሲሞት ዘጠኝ ዓመት ለሆነው የንጉሡ ልጅ ለሄንሪ 3ኛ ሞግዚት ሆኖ አገር ያስተዳደረው ማርሻል ነው። ሰባ ገደማ ሆኖት በ1217 ሊንከን ላይ ሲዋጋ የራስ ቁሩን ረስቶ ሊገባ ነበር አሉ። ያ ይቅር፣ ወደ ልብስ ልመለስ።

አንድ ዓመት፣ የፋሲካ ዋዜማ ላይ፣ ካዝና ውስጥ የቀረችውን ገንዘብ ለዕቃ አቅራቢው ከፈልኩ። ደመወዝ ከበዓል በኋላ ይደርሳል ብዬ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ማታ ስወጣ ዘበኛችን በር ከፈተልኝ፣ «እንኳን አደረሰዎት» አለኝ፣ በባዶ እጁ። ዶሮ አልገዛም። ምንም አላለኝም፣ እኔም ቀና ብዬ አላየሁትም።

ማርሻል በ1219 ካቨርሻም በሚገኘው ቤቱ ታሞ ተኝቷል። ቤት ውስጥ ፀጉር የተለበጠባቸው 80 ያህል አዳዲስ ልብሶች አሉ። አንድ ጸሐፊው መጣና፣ ይሸጡ፣ ገንዘቡ ለነፍስዎ ይሁን አለው። ሽማግሌው ተቆጣ። ጰራቅሊጦስ ደርሷል፣ ፈረሰኞቼ የዓመት ልብሳቸውን ማግኘት አለባቸው፣ ከዚህ በኋላ የምሰጣቸው እኔ አልሆንም አለ። የሚጎድል ካለ ለንደን ተልኮ ይምጣ ብሎ አዘዘ። ግንቦት 14 ሞተ። ጰራቅሊጦስ በ12ኛው ቀን ዋለ።