ስለ እሳት ወለድ ድንጋይ ጠይቁኝ

እሳት ወለድ የምንለው ቀልጦ የነበረ አለት ሲቀዘቅዝ የሚሠራውን ድንጋይ ነው። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት እመልሳለሁ። ፎቶ የምትልኩ ድንጋዩን ሰብራችሁ የውስጡን ፊት አሳዩኝ። ዝናብና ፀሐይ የበላውን ቅርፊት አይቼ ስም አላወጣም። ስትሰብሩ ዓይናችሁን ሸፍኑ።

የመሐል ሜዳው፦ መምህር፣ የመንዝ ድንጋይ ጥቁር ስለሆነ ሁሉም ባዛልት ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ ቀለም ያታልላል። ባልጩት ከከሰል ይጠቁራል፣ በሥሪቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የራዮላይት፣ የዚያ ብዙውን ጊዜ ነጣ የሚለው እሳት ወለድ፣ ወገን ነው። ድንጋይን ሁለት ነገር ነው የምትጠይቀው፦ የት ቀዘቀዝክ? ከምን ተሠራህ? የመጀመሪያውን ቅንጣቱ ይነግርሃል። ማግማው፣ ማለትም የቀለጠው ድንጋይ፣ ከምድር ሥር ከቀረ ዝግ ብሎ ይበርዳል፤ ክሪስታሎቹ (የማዕድን ቅንጣቶቹ) አድገው በዓይን ይታያሉ፣ እንደ ግራናይትና ጋብሮ። ገንፍሎ ከወጣ ቅንጣቱ ሳያድግ ይጠጥራል፣ እንደ ባዛልትና ራዮላይት። ክሪስታል ለመሥራት ፋታ ያጣው መስታወት ሆኖ ይቀራል፤ ባልጩት ይኸው ነው። በደቃቁ መሐል ፌልድስፓር የሚባል ትልልቅ ነጭ ማዕድን ተሰክቶ ካየህ ደግሞ ማግማው ከታች ቆይቶ ጥቂት ክሪስታል ካበቀለ በኋላ ነው የወጣው። የጓጎለ ገንፎ በለው።

ሁለተኛውን ሲሊካው፣ መስታወት የሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ ይነግርሃል። ሲሊካው ከድንጋዩ ከ45 እስከ 52 በመቶ ከሆነ ባዛልት፣ እስከ 63 አንዲሳይት፣ ከዚያ ዴሳይት፣ ወደ 70 ሲጠጋ ራዮላይት። የባዛልት ወንድሙ ጋብሮ፣ የራዮላይት ወንድሙ ግራናይት ነው፤ ሥሪታቸው አንድ፣ የቀዘቀዙበት ቦታ ልዩ ልዩ። በእኛ ደጋ ባዛልትና ራዮላይት ሞልቷል፣ መካከለኛው አንዲሳይት ግን ብርቅ ነው።

የአንኮበሯ፦ የእናቴ ወፍጮ ድንጋይ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። «ነቀዝ በልቶት ነው» ትለኛለች።

መልስ፦ እማማን ሰላም በይልኝ፤ ነቀዝ አይደለም። የእንጀራን ዓይን አስቢ። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲሰፋ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሊጡ ሲበስል ቀዳዳው እንዳለ ይቀራል። ላቫም (ገንፍሎ የሚወጣው ማግማ) እንዲሁ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀልለትና በውስጡ የሟሟው ጋዝ አረፋ ይሠራል። አረፋው ወደ ላይ ስለሚሸሽ የአንድ ፍሰት አናቱ ቀዳዳማ፣ ሆዱ ድፍን ይሆናል። ካባ የሚቆፍሩ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ለግንብ ሆዱን ይፈልጋሉ። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ገደሉን እዪው። ቀዳዳማው መስመር ካለቀበት ላይ ቀይ የተቃጠለ አፈር ካየሽ፣ አዲስ ላቫ በአሮጌ መሬት ላይ ፈሶ ነው። ለእህል መፍጫ ቀዳዳማው የሚመረጠው ሲያልቅም አዲስ ጠርዝ ስለሚያወጣ ነው። መወቀሩ ግን አይቀርለትም።

የቡልጋው ልጅ፦ ወፍጮ ከተባለ የቡልጋ ነው! የመንዙ ዱቄት ውስጥ አሸዋ ይጥላል።

የመሐል ሜዳው፦ አሸዋ የሚጥለው መጁን የማያውቅ ነው። አያቴ በአንድ ወፍጮ ስድስት ልጅ ድራለች።

የቡልጋው ልጅ፦ አሁን ማን ይፈጭበታል? ሁላችሁም ወፍጮ ቤት ናችሁ።

መልስ፦ ወደ ድንጋዩ ተመለሱ።

ሸዋ ሮቢት፦ ቀዳዳው ውስጥ ነጭ የሚያብረቀርቅ አገኘሁ። አልማዝ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ውኃ ኋላ ያስቀመጠው ነው፤ ዜኦላይት፣ ካልሳይት ወይም ካልሴዶኒ የሚባል ማዕድን። ሎሚ ጠብ አድርግበት፤ አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው።

ሰላ ድንጋይ፦ የመዘዞ ኦፓልስ እሳት ወለድ ነው? ኪሎው ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ የያዘው አለት እሳት ወለድ ነው፤ ኦፓሉ ግን ሲሊካ ካሟሟ ውኃ የረጋ ነው። ዋጋውን ነጋዴ ጠይቅ።

አለልቱ፦ ለቤቴ ግራናይት ልገዛ ነው። ጥቁሩ ይሻላል?

መልስ፦ ገበያ «ጥቁር ግራናይት» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ጋብሮ ወይም መሰሉ ነው። ይጠነክራል፣ ግዛ። ስሙን ብቻ አትመን።

ጂሩ፦ ከጀማ ገደል ሥር ያለው ነጭ ድንጋይ ራዮላይት ነው አይደል?

መልስ፦ ኖራ ድንጋይ ነው፤ የባሕር ደለል። ባዛልቱ ከላዩ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

አጣዬ፦ 30 ሚሊዮን? ዓለም ከተፈጠረ ገና ስምንት ሺህ ያልሞላው?

ጂሩ፦ እንግዲህ ጀመረ።

የአንኮበሯ፦ ተዉት እባካችሁ፣ ሰዓቱ ሄደ።

መልስ፦ የዘመን ቆጠራውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተወያይበት፤ እኔ ዛሬ የመጣሁት ለቅንጣትና ለሥሪት ነው።

ደብረ ብርሃን 04፦ መምህር፣ አንድ ድንጋይ አለኝ። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው። ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰበርከው?

ደብረ ብርሃን 04፦ አልሰበርኩትም፣ ያምራል።

መልስ፦ እንግዲያው የሚያምር ጥቁር ድንጋይ ነው። ደህና እደሩ።