ማዘርቦርዱን ከመላክህ በፊት ሶኬቱን ፎቶ አንሳ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነበው የራሴን ታሪክ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ማዘርቦርድህ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከአራቱ የራም (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ማስገቢያዎች ሁለቱ ሥራ አቁመዋል። ሻጩ «የመመለሻ ጊዜው አልፏል፣ አምራቹን ጠይቅ» ብሎ ሸኝቶሃል። አንተ ደግሞ «እንዴት አድርጌ ልላከው? ይቀበሉኝ ይሆን?» ብለሃል። እኔ ይህንኑ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ተበልቻለሁ። በሁለተኛው አሸንፌያለሁ። ዋራንቲ ምን እንደሆነ አልነግርህም፣ እሱን ታውቀዋለህ። እኔን ያስከፈለኝን ነገር ልንገርህ።

1. ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ምንም እንዳትልክ። የራም መቆጣጠሪያው ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። የፕሮሰሰር አምራቾቹ ኢንቴልም ኤኤምዲም እንዲህ መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ስለዚህ ማስገቢያ ሲሞት ጥፋቱ የፕሮሰሰሩም ሊሆን ይችላል። ኩለሩ (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው) በአንድ ጎኑ ከልክ በላይ ተጠብቆ፣ ፕሮሰሰሩ ከሚቀመጥበት ሶኬት ፒኖች (ቀጫጭን የብረት እግሮች) ጋር በደንብ ሳይገናኝ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የኩለሩን ብሎኖች አላላቸውና በየተራ እኩል አጥብቃቸው። ከዚያ አንዲት ራም ብቻ ይዘህ አራቱም ማስገቢያ ላይ እያቀያየርክ አስነሳ። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። በሚሠሩት ማስገቢያዎች ላይ ሜምቴስት86ን (ራም የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው) አራቱንም ዙር አስጨርሰው። ሌሊቱን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፣ ይውሰድ። ባዮሱንም (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ወደ አዲሱ አሻሽለው። ካላሻሻልከው የመጀመሪያው መልሳቸው «አሻሽልና እንደገና ጻፍልን» ነው። በዚያ ብቻ አንድ ሳምንት ይሄድብሃል።

ያገኘኸውን ሁሉ በቀንና በሰዓት ጻፈው። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ «ራም አያነብም» የምትል አንድ መስመር ብቻ ነበር የላክኩት። አስር ጥያቄ ይዘው መጡ፣ አንዱን ስመልስ ሌላ። በሁለተኛው ጊዜ የሞከርኩትን በሙሉ በቅደም ተከተል ጽፌ ላክኩ። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁኝ ዕቃውን ለመላክ የሚያስፈልገውን የመመለሻ ቁጥር ሰጡኝ።

2. ደረሰኝህን ዛሬውኑ ፎቶ አንሳው። ከትንሿ የሽያጭ ማሽን የሚወጣው ወረቀት በሙቀት ነው የሚታተመው። በጊዜ ብዛት ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ ከቆየ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ደረሰኝ ከሌለህ ብዙ አምራቾች ዋራንቲውን መቁጠር የሚጀምሩት ዕቃው ከተመረተበት ቀን ነው። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የከረመበት ጊዜ ሁሉ ካንተ ላይ ይቀነሳል ማለት ነው። ሲሪያል ቁጥሩንም ማዘርቦርዱ ላይ ከተለጠፈው ስቲከር ላይ አንሳ። የካርቶኑ ብቻ አይበቃም፣ ካርቶን ከሌላ ዕቃ ጋር ሊቀያየር ይችላል።

3. ሶኬቱ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ እንኳ ይቺን አትርሳ።

አዲስ ማዘርቦርድ ስትገዛ ሶኬቱ ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አለ። ፕሮሰሰሩን ስትገጥም ተነቅላ የምትወጣዋ። እኔ ኮምፒውተሬን ስገጣጥም ከሌላው ቆሻሻ ጋር ወረወርኳት። ምን ታደርግልኛለች ብዬ ነው የማስቀምጣት? ማንም አልነገረኝም።

ማስገቢያዎቹ ሲሞቱ ሁሉን አሟላሁ። ፈተሽኩ፣ ፎርሙን ሞላሁ፣ የመመለሻ ቁጥር አገኘሁ። ፕሮሰሰሩን አወጣሁና ማዘርቦርዱን በብርማው ከረጢት ጠቅልዬ፣ ካርቶኑን በስፖንጅ ሞልቼ ላክኩ። ሶኬቱ ግን ባዶውን ነበር፣ ክዳን የለውም። እነዚያ ፒኖች ፀጉር ያክላሉ። ሶኬቱ የኢንቴሉ ኤልጂኤ 1700 ከሆነ 1,700 ናቸው፣ የኤኤምዲው ኤኤም5 ከሆነ 1,718። ከረጢቱ በመንገድ ላይ አንዴ ቢንሸራተትባቸው በቂ ነው።

በ11ኛው ቀን ኢሜይል መጣ። የሶኬቱ ፎቶ አለበት፣ ሦስት ፒኖች በቀይ ተከብበዋል። ከሥሩ «ጉዳቱ በደንበኛው የደረሰ ስለሆነ ዋራንቲው አይሸፍነውም» ይላል። ስለ ራም ማስገቢያዎቹ አንድ ቃል የለም። አልፈተሹትም እኮ! ሶኬቱን አይተው ዘጉት።

ደወልኩ። ሰውየው አላስጨረሰኝም።
«ስትልከው ፒኖቹ ደህና ነበሩ?»
«ደህና ነበሩ።»
«ፎቶ አለህ?»
«የለኝም።»
«እንግዲያው ምን እናድርግህ?»
ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

እስከ ዛሬ ያቺ ንግግር ትቆጠቁጠኛለች። ዕቃው ተበላሽቶብኝ፣ ቀኑን ጠብቄ፣ ደረሰኝ ይዤ የሄድኩ ሰው ነኝ። እንደ አታላይ ነው ያናገረኝ። ሦስት ሳምንት ተጻጻፍኩ። አለቃውን አገናኙኝ አልኩ፣ አላገናኙኝም። ፒኖቹ የታጠፉት መንገድ ላይ ይሁን እነሱ ጠረጴዛ ላይ እስካሁን አላውቅም፣ ማስረጃ ግን አልነበረኝም። በመጨረሻ ማዘርቦርዱ እንዳለ ተመለሰልኝ። አዲስ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ።

ስለዚህ አንተ እንዲህ አድርግ። ፕሮሰሰሩን ከማንሳትህ በፊት ኩለሩ የነበረበትን ቅባት በደንብ ጥረግ። ፒን ላይ ጠብ ካለ ሌላ ጣጣ ነው። ፕሮሰሰሩን ቀጥ አድርገህ አንሳ። ከዚያ የስልክህን ካሜራ ይዘህ ብርሃኑን ከጎን አብራ። ከላይ ካበራኸው ሁሉም ፒን ያብለጨልጭና ምንም አታይም። ከጎን ሲሆን የታጠፈው ብቻውን ተለይቶ ይታያል። ከአራቱም አቅጣጫ አንሳ። ቪዲዮም ቅረጽ፣ ሳታቋርጥ፣ ከሲሪያል ስቲከሩ ጀምረህ ሶኬቱን፣ ቀጥሎ ክዳኑን ስትገጥም፣ ከዚያ ከረጢት ውስጥ ስትከት፣ በመጨረሻ ካርቶኑን ስታሽግ። ከተቆራረጠ «ሌላ ማዘርቦርድ ነው» ሊሉህ ይችላሉ።

ክዳኑን ጥለኸው ከሆነ አትደንግጥ። ኮምፒውተር የሚገጣጥም ባለሙያ ጋር ብዙ አለ፣ ለእሱ ትርፍ ነው። ያንተን የሶኬት ዓይነት ንገረውና ይሰጥሃል። በስፖንጅ፣ በሶፍት ወይም በፕላስተር እሸፍነዋለሁ እንዳትል። ፒኖቹን ይዞ የሚጎትተው እሱ ነው። ያንተ ሶኬት የቀድሞው የኤኤምዲ ኤኤም4 ከሆነ ግን ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ያኔ መጠንቀቅ ያለብህ ለፕሮሰሰሩ ነው።

4. ሁለተኛው ጊዜ። የገዛሁት አዲሱ ማዘርቦርድ በሁለት ዓመቱ የኔትወርክ ማስገቢያው ሞተ። ዋራንቲው ሦስት ዓመት ነበር። ያው ቢሮ፣ ያው ፎርም። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ አልፈለገም። ግን ያላግባብ የተወሰደብኝን አንድ ጊዜ ዝም ካልኩ ሁለተኛ አልደግመውም ብዬ ተነሳሁ። 14 ፎቶና የአራት ደቂቃ ቪዲዮ አዘጋጀሁ። የመመለሻ ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ በውጭ በኩል በትልቁ ጻፍኩ፣ እሱ ከሌለ መቀበያው ላይ ሊመልሱት ይችላሉ። በክትትል ቁጥር ላክኩ።

በሳምንቱ ኢሜይል መጣ። «ሶኬቱ ላይ ጉዳት አይተናል።» እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚያችው ደቂቃ ቪዲዮውን ላክኩ። ሲሪያሉ ይታያል፣ ፒኖቹ ይታያሉ፣ ክዳኑ ሲገጠም ይታያል። ከሁለት ቀን በኋላ «ልውውጡ ጸድቋል» የሚል መልስ መጣ። ይቅርታ የምትል ቃል የለችበትም። ግን ተቀየረልኝ! ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ የዕቃው ዋጋ አይገልጸውም።

የላኩልኝ አዲስ አልነበረም፣ የታደሰ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፣ ዋራንቲውም ብዙ ጊዜ ከቀረህ ጊዜ ነው የሚቀጥለው እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። ስለዚህ ሲመጣልህም ካርቶኑን ስትከፍት ቅረጸው። ፕሮሰሰር ከማስገባትህ በፊት ሶኬቱን እይ። የታጠፈ ፒን ይዞ መጥቶ አንተ ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

ልረሳው ነበር፣ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ኤስኤስዲህ (ፋይሎችህ ያሉበት ዲስክ) ኤም.2 የሚባለው ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በብረት ሽፋን ሥር ተደብቆ ነው የተገጠመው። ረስተኸው እንዳትልክ። ፎቶህን፣ ሥራህን፣ ሁሉን ይዞ ይሄዳል፣ መመለሱም አያስተማምንም። ኬብል፣ አንቴና፣ ብሎን፣ ኩለር፣ እነዚህንም አስቀር። ማዘርቦርዱን ብቻ ላክ። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስህ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው መከላከያ) በርቶበት እንደሆነ አሁኑኑ እይ። ብዙ ላፕቶፕና ኮምፒውተር ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ በርቶ ይገኛል። ማዘርቦርዱ ሲቀየር 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ይጠይቅሃል። እሱን ካላገኘህ ዲስኩ ደህና ሆኖ ሳለ ፋይልህን አታገኘውም። ኮምፒውተሩ ገና እየተነሳልህ እያለ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ወይም ቢትሎከሩን አጥፋው። እኔ ለጥንቃቄ ሁለቱንም ነው ያደረግኩት።

ሲደውሉልህ ደግሞ ድምፅህን ከፍ አታድርግ፣ የምትስማሙበትን ሁሉ በኢሜይል እንዲጽፉልህ ጠይቅ። «በስልክ ነግረንህ ነበር» የሚሉት ነገር በኋላ የት እንደተባለ አታገኘውም። እኔ ያን የመጀመሪያ ሰውዬ ያለኝን ሁሉ በጽሑፍ ባገኘው ኖሮ ሌላ ቦታ አቤት እል ነበር።

አሁን ኮምፒውተሩን ክፈትና የሶኬቱን ፎቶ ከጎን በብርሃን አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። ሲሪያል ቁጥሩን ግን ሸፍነው። ማታ ገብቼ ፒኖቹን አብሬህ አያቸዋለሁ፣ ደህና ከሆኑ ነገ ፎርሙን ትሞላለህ።